ሽመሎች የፈረዱልኝ መሬት

ትናንት ሽምብራ አብዝቼ በልቼ ስለተኛሁ ይሆናል፣ ዓለም ተገልብጦ በሕልሜ አየሁ።

ወሩ መጋቢት ነው። ወደ ሰሜን የሚመለሱትን ሽመሎች ልይ ብዬ ፎገራ ወዳለው ማሳዬ ወረድኩ። በየዓመቱ ከመሄዳቸው በፊት እዚያ አርፈው አንበጣ ይለቅማሉ፤ እኔም ሥራ ፈትቼ እነሱን ሳይ እውላለሁ፤ ደስ ይለኛል። ስደርስ ግን ወፍ የምጠብቅበት ማማ ላይ ሦስት ሽመሎች ተቀምጠው እኔን በመነጽር ያዩኛል።

"ዝም በሉ፤ አንድ ሰው መጣ" አለ አንዱ። "እንዳይደነግጥ።"

"ምን ዓይነት ነው?"

"ወንድ ነው። ጋቢው ቆሽሿል፤ ከሩቅ የመጣ ይመስላል።"

ተናደድኩ። "ኧረ መሬቱ የኔ ነው!" አልኳቸው።

"ሰማችሁ? ይጮኻል!" ብለው ተደሰቱ።

ቀና ብል ሰማዩ በሰው ተሞልቷል። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ነጠላውን ዘርግቶ፣ ተራ ይዞ ወደ ሰሜን ይበራል። ከፊት የሚመራው ጎረቤቴ አያ ምሕረቴ ነው፤ ምድር ላይ እንኳ ያለ ምርኩዝ አይራመድም። ባለቤቴ አትጠገብ ድስቷን ታቅፋ ከኋላ ትከተላለች።

"ፈንቴ፣ ምን ትጠብቃለህ? ወቅቱ አለፈ እኮ!"

"መሬቱንስ ለማን ጥዬ?"

"ጥቅምት ላይ እንመለስ የለ!"

ጭንቅ ያዘኝ። በእርሻ ወቅት ጥዬው ብሄድ፣ ስመለስ የሌላ ሰው ሆኖ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

"አልሄድም! እኔ የዚሁ አገር ሰው ነኝ" አልኩ።

ሽማግሌው ሽመላ ከማማው ወርዶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲያው እንደ ወጉ እንጠይቅሃለን። በምሥራቅ ማን ያዋስንሃል?"

"አያ ምሕረቴ።"

"ይምጣና ይመስክር።"

"እየበረረ ነው።"

"በምዕራብስ?"

"እሜቴ ማንጠግቦሽ። ያውና፣ ጃንጥላ የያዙት እሳቸው ናቸው።"

"የሰሜንና የደቡቦቹስ?"

"እነሱማ ቀድመው ሄደዋል።"

ሽመሎቹ ምንቃራቸውን አንቀጫቀጩ። አዋሳኝ ያልመሰከረለት ሰው መሬቴ ነው ቢል ማን ያምነዋል? እኔም እንደ ሌሎቹ ልበር፣ እግሬ ከመሬት ሊለቅ ሲል በሬዬ ቦራ እያመነዠከ መጣ።

"እሱን ጠይቁት! አብረን ነው የምናርሰው!"

"የማርሰው እኔ ነኝ" አለ ቦራ። "እሱ ከኋላ ይጮኻል።"

"ጩኸቱን ትለየዋለህ?"

"ኧረ ተኝቼም!"

"በል አሰማን" አለኝ ሽማግሌው።

ባለኝ ኃይል ሁሉ "ና ቦራ! ሃይ! ተመለስ!" እያልኩ አካባቢውን አናወጥኩት። ቦራ ሳይወድ በግዱ ዞሮ ትልሙን ያዘ።

"ይሄ የነዋሪ ድምፅ ነው" አለ ሽማግሌው። "መንገደኛ እንዲህ አይጮኽም። መሬቱ ያንተ ነው፤ ተፈርዶልሃል።"

ደስታዬ ወሰን አጣ። አቅፌ ምንቃሩን ጨምድጄ ሳምኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ኧረ አፍንጫዬን ልቀቀኝ!"

ነቃሁ። የጨመደድኩት የአትጠገብን አፍንጫ ነው።

"ሽመሎቹ ሄዱ እንዴ?" አልኳት።

"ምን ይሄዳሉ! ዘንድሮ እዚሁ ነን ያሉ ይመስለኛል፤ ጎጆ ጀምረዋል።"

"የት?"

በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ። ከአልጋችን በላይ የሣር ክዳናችን ተሸንቁሮ ሰማይ ይታያል። አንዲት ሽመላ በቀዳዳው አንገቷን አስገብታ ሁለታችንንም አየችና፣ ደግሞ አፏን ሙሉ ሣር ነቅላ ሄደች።