የፍሪጁ ጫማ

አገር በዕቅድ ይመራል ሲሉ እንሰማለን፤ በዕቅድ የሚመራ ቤት ያየሁት ግን የአቶ ቀናውን ብቻ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር የምንተያይ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ምስክርነቴን ማንም አይክደኝም። ሌላው ሰው ክረምት ሲመጣ ጃንጥላ ይገዛል። አቶ ቀናው ዐቢይ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። አቃቂ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ዕቅዱን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

የዘንድሮው ኮሚቴ ሙሉ ስሙ «የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ የክረምት ቅድመ ዝግጅት ዐቢይ ኮሚቴ» ነው። ሰብሳቢው ራሳቸው፣ ጸሐፊዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥርጉት፣ አባሏ ልጃቸው ሊዲያ ናት። ሊዲያ ቂሊንጦ በፈረቃ ስለምትሠራ ስብሰባ ላይ ብዙም አትገኝም። የአሥራ አንድ ወር ልጇን ሚራክልን ግን ለአያቷ ትታ ስለምትሄድ፣ ሚራክል በታዛቢነት ትሳተፋለች።

ኮሚቴው የተቋቋመው በፍሪጁ ምክንያት ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝናብ ሲበረታ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ይወርድና የፍሪጁን ሶኬት ያረሰርሰዋል። ከዚያ በኋላ ፍሪጁን የነካ ሁሉ ይነዘራል። ሦስት ክረምት ሙሉ! መሃይም ቢሆን ሶኬት ይቀየር ይላል። የበሰለ ሰው ግን እንዲህ አይቸኩልም። አቶ ቀናው በመጀመሪያው ክረምት ጥናት አካሂደው አንድ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ገዙ። ጫማው ፍሪጁ አጠገብ ይቀመጣል፤ ወተት የፈለገ ያጠልቃል፣ ይከፍታል፣ ይወስዳል፣ አውልቆ ለሚቀጥለው ያስረክባል። እኔም አምና ለቡሄ ተጋብዤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያምረኝ አጥልቄዋለሁ። ጫማው አርባ ሁለት ቁጥር፣ እግሬ አርባ አራት። ተረከዜ ወለሉ ላይ ቀርቶ ነበርና ያን ቡሄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዘንድሮ ታዲያ በዕቅዱ ያልተያዘ ነገር መጣ። ሚራክል ይዛ መቆም ጀመረች! ሶፋ ይዛ ትቆማለች፣ ወንበር ይዛ ትቆማለች፤ የቀራት ፍሪጁ ነበር።

«ቀናው፣ ይቺ ልጅ ፍሪጁን ልትይዝ ነው» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት ሰኔ ሲጋመስ። «ዝናቡም ጀምሯል። ትናንት በክርኔ ነካ ባደርገው እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። እኔን ያድርገኝ፣ እሷን አይንካብኝ!»

«ጉዳዩ በአጀንዳነት ይያዝ።»

«ምን አጀንዳ ያስፈልገዋል? አደሴን እንጥራት። ኤሌክትሪሻን እዚሁ ሁለተኛ ፎቅ ተቀምጣልን!»

«ሥርጉትዬ፣ ባለሙያ የሚገባው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በቅድሚያ ግንዛቤ!»

ግንዛቤው በማግስቱ ተጨበጠ። እኔ በባለድርሻ አካልነት ተጠርቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። «አባቶቻችን ‹ሳይቃጠል በቅጠል› ያሉት ያለምክንያት አይደለም» ብለው አቶ ቀናው ጀመሩ። «በመሆኑም የተቀናጀና ዘላቂ ቅድመ መከላከል ላይ አጠናክረን...» ሲሉ ሚራክል ከአያቷ ጭን ተንሸራታ እየዳኸች ወደ ፍሪጁ ስትገሰግስ፣ ወይዘሮ ሥርጉት ዘለው አንድ ክንድ ሲቀራት ያዟት። አቶ ቀናው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እባካችሁ፣ ስብሰባ አንረብሽ» አሉ።

ስብሰባው ግን ያለ ውጤት አልተበተነም። በሦስተኛው ቀን ለሚራክል ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ተገዛላት፤ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር።

ሊዲያ ከሥራ ገብታ ጫማውን ስታይ ደሟ ፈላ። «አባዬ! ልጅቷ በእጇ እኮ ነው የምትይዘው። ለእጇስ ጓንት ልትገዛላት ነው?»

«እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ተይዟል።»

«እንግዲያው እስከ እሑድ ካልተሠራ ልጄን ይዤ እወጣለሁ። ሌላ ቤት እከራያለሁ፤ ሞግዚት እቀጥራለሁ። አበቃ!»

ወይዘሮ ሥርጉት ያን ቀን በራችን ላይ ቆመው አለቀሱ። «ሚራክል ከሄደችብኝ እዚህ ቤት ከማን ጋር ልቀመጥ ነው? ከዕቅዱ ጋር?» አሉኝ።

ቅዳሜ አቶ ቀናው ዕቅዱን ሊያስጠርዙ ሳሪስ ሄዱ። እግራቸው ከደረጃው እንደወረደ አደሴ የመሣሪያ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። እርጥቡን ሶኬት ነቀለች፤ ደረቁን የሳሎን ግድግዳ ፈልፍላ አዲስ መስመር ቀብራ መልሳ ለሰነችው፤ የመሬት ሽቦ አገናኘች፤ ብሬከሩንም ለወጠች። ሦስት ሰዓት አልፈጀባትም።

«እትዬ ሥርጉት፣ ከእንግዲህ ኮረንቲ ቢያፈተልክ ይሄ ብሬከር ራሱ ያጠፋል» አለች። «ሽቦው ያለፈው በዚህ በኩል ነው፤ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። አደራ፣ እዚህ ላይ ሚስማር እንዳይመታ።»

ወይዘሮ ሥርጉት ጫማቸውን አወለቁ። በባዶ እግራቸው ቆመው ፍሪጁን መጀመሪያ በጥፍራቸው፣ ቀጥሎ በመዳፋቸው፣ መጨረሻ ላይ በጉንጫቸው ነኩት። ምንም የለም። እልልታቸውን እኔ ቤት ድረስ ሰማሁት።

አቶ ቀናው የተጠረዘ ዕቅድና አንድ ባለ ወርቃማ ፍሬም ሰርተፊኬት ይዘው ተመለሱ። ሰርተፊኬቱ «ክረምቱን ያለ አንድም አደጋ ላሳለፉት ለአቶ ቀናው» ይላል፤ የፈረሙበትም አቶ ቀናው ናቸው። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው ብትሉ፣ ዕቅድ ያለው ሰው ውጤቱን ቀድሞ ያውቃል! ያልጠሩት ባለሙያ ቤታቸውን ሠርቶ መሄዱን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን ፍሪጁን መታ መታ አድርገው፣ «አቅጣጫ ባስቀመጥነው መሠረት ተፈጽሟል» አሉ። የእርሳሱን መስመር ግን አልወደዱትም። የቤቱን ገጽታ ያበላሻል ብለው በጨርቅ አጠፉት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሁላችንም ሰርተፊኬቱ ሲሰቀል እንድንታደም ተጠራን። ቦታ ተመረጠ፤ ከግድግዳው ሁሉ ንጹሑ፣ ትናንት የተለሰነው።

«ኧረ ቀናው! እዚያ ጋ ሚስማር እንዳይመታ ብላለች!»

«አደሴ ሽቦ ታውቃለች። ሰርተፊኬት የት እንደሚያምር አታውቅም» አሉና ሚስማሩን በሁለት ጣት ይዘው በመዶሻ መቱ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው፣ ጧ!

ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ፍሪጁ ዝም አለ። አቶ ቀናው መዶሻቸውን ጥለው ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ።

«መብራት... መብራት ሄደ?»

«የኛ ብቻ ነው፣ አባዬ» አለች ሊዲያ።

ዞር ስንል ሚራክል ፍሪጁን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ አያቷን እያየች ትስቃለች። በባዶ እግሯ። አቶ ቀናው እሷንም የገዛ ጣቶቻቸውንም እያፈራረቁ ሲያዩ፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉኝ።

አደሴ ተጠርታ መጣች። ሚስማሩን አየች፣ ብሬከሩን አየች፣ እሳቸውንም አየች። «ጋሼ ቀናው፣ ይሄ ብሬከር ባይኖር ዛሬ ድንኳን እንተክል ነበር» አለች።

አሁንስ ገባቸው ብዬ ነበር። አቶ ቀናው ውሃ ጠጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ጸሐፊ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሪ። ተግባር አሥራ አራት፤ አዲሱን ብሬከር በሰብሳቢው አማካይነት በተግባር መፈተሽ። ተከናውኗል። አፈጻጸም፣ መቶ ሁለት በመቶ።»

ወይዘሮ ሥርጉት ቃል በቃል ጻፉ። ከዚያ ሳይጠየቁ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምረው ፈረሙና መዝገቡን ሰጧቸው። እኔም በትከሻቸው ላይ አንገቴን አስግጌ አነበብኩት፦

«ሰማያዊው የላስቲክ ጫማ፣ ቁጥር አርባ ሁለት፣ ፍሪጁ ስለማያስፈልገው ለሰብሳቢው ተላልፏል።»