ከነአሥር ጣቷ ልምድ አለኝ ያለችው ሴት

እኔ ሰው ሰላም ስል መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ የሥራ አመል ሆኖብኝ ነው። እዚህ ሐረር፣ አንድ የኦቾሎኒ ዘይት ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስንት ዓመት ሙሉ ጣት ስጠቀልል ኖሬያለሁ። ፊት እረሳለሁ፤ አውራ ጣት ግን አልረሳም።

አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር ደንበኛዬ ነው። ዛሬ ይላጣል፣ ነገ ቆርቆሮ ይቧጭረዋል። ከዚያ ሥራውን ይለምድና ይጠፋብኛል። ጎበዝ፣ ሠለጠነ እላለሁ። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ግን የእኔ ፋሻ አይበቃውም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኛ ፋብሪካ እባብ ያየ ሰው ከእባቡ ጋር ይላመዳል።

ምስክሬ ጋሽ ሙላት ናቸው። የመጭመቂያው ክፍል አለቃ፣ ደግ፣ የምወዳቸው ሰው። የግራ ሌባ ጣታቸው ግማሽ ናት። እሷኑ ግማሽ እንደ ዲፕሎማ ነው የሚያሳዩት። አዲስ ሰው ሲመጣ ቀጥ ያደርጓትና «እጅህን እንዳታስገባ!» ይላሉ፤ ብለው ሳይጨርሱ የራሳቸውን ያስገባሉ። ማሽኑ ያውቀኛል ባይ ናቸው። ታዲያ ያቺን ግማሽ ማን በላት?

እኛ ዘንድ ጣቱ ያልጎደለ ሰው ጀማሪ ነው። ስለዚህ ፈቲያ የምትባል የጀጎል ሴት መጥታ ሌላ ዘይት ፋብሪካ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ ስትል፣ ጋሽ ሙላት እጇን ገለባብጠው አዩና ሳቁ። አሥሩም አሉ! የሥራ ልምድ ማስረጃዋ የውሸት ነው ብለው ሠራተኛ ለሚቀጥረው ፎርማን ሹክ አሉት። አልዋሽም፣ እኔም ጠርጥሬያት ነበር።

ሥራ ስትጀምርማ ባሰ። መጭመቂያው አፉ ላይ የከረጢት ክር በተወተፈ ቁጥር ቀዩን ቁልፍ ተጭና ታቆመዋለች። በእንጨት ትጠርግና እንደገና ታስነሳዋለች። ጋሽ ሙላት አበዱ።

«አቦ፣ እኔ በእጄ ምንጭቅ ለማደርጋት ክር አንቺ ፋብሪካ ታቆሚያለሽ!»

«ወላሂ ጋሼ፣ ትርፍ ጣት ይዤ አልመጣሁም» አለቻቸው።

መልሱ አሳቀን እንጂ ነገሩስ አያስቅም። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶታል። ትቀጠር ወይም ትሰናበት ብለው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ቤቷ ደግሞ ከእሷ ሌላ ደሞዝ የሚያገባ የለም። አንጀቴን በላችኝና ትንሽ ብትፈጥኚ ምናለ ብዬ መከርኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ሙላት ስለ ልጃቸው ሠርግ እያወሩ፣ ፊታቸውን ወዲያ አዙረው፣ እንደ ልማዳቸው ክር ሊመነጭቁ ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። ጓንታቸው ተያዘ። ማሽኑ ይጎትታቸው ጀመር። ፈቲያ ዘላ ቁልፉን መታችው። ጓንቱ እዚያው ቀረ፤ እጃቸው ተልጦና አብጦ፣ ግን ከነጣቶቹ ወጣ። አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩላቸው። ከዚያ ተደብቄ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጋሽ ሙላት ፋሻ ሊያስቀይሩ እኔ ዘንድ ሳሉ፣ ፎርማኑ የፈቲያን የግምገማ ወረቀት ይዞ ክሊኒክ ድረስ መጣ። ሴትዮዋ እንዴት ናት ብሎ ጠየቃቸው።

«ፈሪ ናት» አሉ ጋሽ ሙላት። «አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ ዛሬም ማሽን ትፈራለች።»

እጃቸው እንዴት እንዳደረ ልትጠይቅ የመጣችው ፈቲያ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ፊቷ ጠቆረ። እሳቸው በግራ እጃቸው እንደምንም «ትቀጠር» የሚለው ላይ ፈረሙና ወረቀቱን መለሱለት።

«እህት ካላት እሷንም ቅጠራት» አሉት።