በመዝገብ የሞቱት ዋናተኞች

ግሌኒስ እጇ ላይ የታሰረውን የእንቅስቃሴ ቆጣሪ ፈትታ ጫማዋ ውስጥ ወሸቀችና ዘላ ውሃው ውስጥ ገባች። በዚያች ቅጽበት፣ በምርምሩ ክቡር መዝገብ መሠረት፣ አረፈች። ነፍስ ይማር!

«ሚስቴ ደግሞ ዛሬም ሞተች» አለች ኮራ የራሷን ቆጣሪ እየፈታች። «ቆይ አንቺ፣ ልሙትና ልምጣ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሲድኒ ወደ ሰሜን፣ ውቅያኖስ ጥግ ባለች ከተማ፣ ዓለት ላይ የተሠራ የመዋኛ ገንዳ አለ። የሌዝቢያኖችና የጌዮች የዋና ክለብ ሃያ ዓመት ተሟግቶ እዚያ አንዲት የራሱ ሰዓት አግኝቷል፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ። በሌላው ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የሚያፈጥ ዓይን አይጠፋም። በዚያች ሰዓት ግን ማንም አያፈጥም። የስልሳ አራት ዓመቷ ግሌኒስ ደግሞ የልቧ ደም ስር ተደፍኖ ከተከፈተላት ወዲህ ሐኪሟ «ክኒንሽንም ዋናሽንም አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ» ብሏታል። ሰዓቷ መድኃኒቷ ናት በቃ።

እንግዲህ ታላቁ ምርምር መጣ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ምን ያህል ይንቀሳቀሳሉ? ልባቸውስ እንዴት ነው? ዶክተር ሌስተር የሚባሉ ሊቅ ለክለቡ አባላት በሙሉ እጃቸው ላይ ቆጣሪ አሰሩላቸው። ቆጣሪው እጅግ ዘመናዊ ነው። ውሃ ብቻ አይወድም።

ግሌኒስ ደወለች። «ዶክተር፣ እኛ እኮ ዋናተኞች ነን!»

«ድንቅ አስተያየት ነው። መዝግበነዋል።»

«ስንዋኝ ታዲያ ምን ይላል?»

«እንቅስቃሴ የለም ይላል።»

«ስህተት ነዋ!»

«ስህተት አይደለም፣ እሜቴ። መረጃ ነው።»

«እሺ ቅጹ ላይ ልጻፈዋ። መራመድ፣ መሮጥ፣ ብስክሌት፣ አትክልት መኮትኮት... ‹ሌላ› የሚል ሳጥን የታለ?»

ዶክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኮሚቴያችን ሦስት ወር ተወያይቶ ሰርዞታል። ማኅበረሰባችሁን ‹ሌላ› ብለን እንዳናገልል ነው።»

እንዲህ ዓይነት ርኅራኄ የት ይገኛል? እናትም አታደርገው!

በዓመቱ ሪፖርቱ በቀስተ ደመና ኬክ ታጅቦ ወጣ። «የክለቡ አባላት በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ፍጹም አይንቀሳቀሱም። ምክንያቱ መገለል የወለደው ጥልቅ ሐዘን ሳይሆን አይቀርም» ይላል። አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት ሴትዮ አለቀሱ።

ማዘጋጃ ቤቱም ሳይንስ አክባሪ ነውና ወዲያው እርምጃ ወሰደ። ማንም የማይንቀሳቀስባትን ሰዓት ምን ያደርጉላታል? ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ሰጧት። ለሐዘንተኞቹ ደግሞ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ የወንበር ስፖርት ተፈቀደላቸው። ተቀምጠው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

«ዝንብ የምናባርር ነው የሚመስለው» አለች ኮራ።

«ዝም ብለሽ አባሪ፤ እየተቆጠርሽ ነው» አለቻት ግሌኒስ።

እውነትም ተቆጠረ! ቆጣሪው ያለው እጅ ላይ አይደል? እጅ በተወዛወዘ ቁጥር ቁጥሩ ሰማይ ነካ። ግሌኒስ ግን በሦስተኛው ወር የአዳራሹን ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመረች። ኮራም ቀልዷን አቆመች።

ትናንት ዶክተር ሌስተር አበባ ይዘው አዳራሹ ከች አሉ።

«እሜቴ ግሌኒስ፣ ተአምር ነው! ይህቺን ብቻ ይፈርሙልኝ።»

ወረቀቱ «ሕይወቴን ሙሉ ተንቀሳቅሼ አላውቅም ነበር፤ ምርምሩ አስነሳኝ» ይላል።

«ሃያ ዓመት ዋኝቻለሁ እኮ!»

«መዝገቡ ላይ የለም። ከፈረሙ ግን ሁለተኛው ዙር ይፈቀዳል። ውሃ የሚችል ቆጣሪ ይመጣል፣ ገንዳውም በዚያችው ሰዓታችሁ ይመለስላችኋል። ካልፈረሙ...» ወደ ወንበሮቹ አዩ።

«ፈርሚ በይኝና እፈርማለሁ» አለች ግሌኒስ ወደ ኮራ ዞራ።

ኮራ የሚስቷን የሚቆራረጥ ትንፋሽ አዳመጠች። «ሃያ ዓመት የተሟገትነው አልዋኘንም ብለን ልንፈርም ነው?» አለች፤ ቀጥላም፣ «ግን ደግሞ እንዳትሞቺብኝ። የእውነቱን ማለቴ ነው።»

ግሌኒስ ብዕሩን አነሳች። እጇ በንዴት ተንቀጠቀጠ። ቆጣሪውም ጢጥ አለና «ጎበዝ! የዛሬውን ግብዎን አሳክተዋል!» አላት።

እናንተ ብትሆኑ ትፈርሙ ነበር?