ክቡር ታይም አውት

በየቤተሰቡ አንድ አሰልጣኝ አይጠፋም። ፊሽካ ይኑረውም አይኑረውም ሁላችንንም አሰልፎ ያሰለጥነናል። የእኛ ቤተሰብ ግን የባሰበት ነው፤ በደመወዝ የተቀጠረ እውነተኛ አሰልጣኝ ደረሰው። የእህቴ ባል የቅርጫት ኳስ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ናቸው። እኔ ከኋላቸው ሆኜ «ክቡር ታይም አውት» እላቸዋለሁ።

ስሙን ያወጣላቸው እጃቸው ነው። አንዱን መዳፍ አጋድመው በሌላው እጅ ጣቶች ከሥር ይደግፉትና «ታይም አውት!» ይላሉ፤ ጨዋታው ለአፍታ ይቁም ማለታቸው ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ምን ገዶኝ! እራት ላይ ይሉታል፣ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ይሉታል። ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ደግሞ አፋቸውን እንደከፈቱ በእጃቸው ብቻ አሳይተው ሐኪሙን መሰርሰሪያውን እንደያዘ አቁመውታል።

አንድ ቀን እኔና ባለቤቴ በመጋረጃ ቀለም ተጣልተን ቤቱን ቀውጢ ስናደርገው ከተፍ አሉ። ታይም አውት! እሷ ወደ ኩሽና፣ እኔ ወደ በረንዳ፤ ለየራሳችን አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ ከመኪናቸው የማይጠፋውን ነጭ ሰሌዳ አምጥተው እኔን በክብ፣ ባለቤቴን በኤክስ ሣሉ።

«አየህ አማቼ፣ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው የምትገባው። እሷ ደግሞ ታውቅሃለች፤ እዚያው ቆማ ትጠብቅሃለች።»

መጋረጃው በእሷ ምርጫ ተሰቀለ።

ጸሎታቸውም ከዚሁ አይርቅም። ከጨዋታ በፊት መልበሻ ክፍል ውስጥ ቆመው የተጋጣሚውን ቡድን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሳይቀር ለፈጣሪ አደራ ይሰጣሉ። ለማሸነፍ ግን አይጸልዩም። «እሱ ውጤት አያድልም» ይላሉ። «ለሰው ሁሉ ያደለው ታይም አውት ነው። ሰው ግን ይሰስትና ሳይጠራው ጨዋታው ያልቅበታል።» የክለቡ ፕሬዚዳንት ይህን በሰሙ ቁጥር ጥርሳቸውን ያፋጫሉ።

ዘንድሮ ፕሬዚዳንቱ ቁርጡን ነገሯቸው። የመጨረሻውን ጨዋታ ከተሸነፉ፣ ስንብት።

እኔና እህቴ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጀርባ ተቀመጥን። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ በአንድ ነጥብ እየተመሩ ነበር፤ ኳሱ በእጃቸው ነው፣ የቀራቸውም አንድ ታይም አውት ነው። ጠሩት። ሰሌዳውን ያወጣሉ ስንል ብብታቸው ሥር ወሸቁት። ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች እጁ ይንቀጠቀጣል።

«እናትህ መጥታለች አይደል?» አሉት ውሃ እያቀበሉ። «የት ነው የተቀመጠችው? አሳየኝ።»

ያቺን ውድ ደቂቃ ሁሉም አንገቱን አስግጎ እናት ሲፈልግ ጨረሳት! ተገኙ፤ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ተጫዋቹ ሳቀ፣ እጁም ረጋ። ገባና ወረወረ። ኳሷ ቀለበቱን ዞረች፣ ዞረችና ወደ ውጭ ወደቀች።

በማግስቱ ተሰናበቱ። ማታ እህቴ ቤት ስደርስ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ እነዚያ አየር ላይ የሚውሉ እጆች ጉልበታቸው ላይ ተጋድመዋል።

«ኧረ አንድ ነገር ተናገር» አለቻቸው እህቴ።

«ጨርሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ታይም አውቴን።»

ስንት ዓመት የሳቅኩበትን ምልክት እኔው በእጄ ሠራሁት። «ታይም አውት!»

ቀና አሉ። «የማን ነው?»

«የእኔ። ዕድሜ ልኬን አንድም አልጠራሁም፤ ሁሉም እንዳለ ነው። ይውሰዱት።»

አዩኝ፣ አዩኝና ተነሡ።

«እጅህ ተጣሟል፣ አማቼ። በዚህ ምልክት ዳኛ ጨዋታ አያቆምልህም» አሉና መዳፌን ያቃኑልኝ ጀመር። እህቴ ውሃ ልታመጣ ወደ ኩሽና ሄደች።