ከሚያይህ ሰው መደበቅ

የጨዋታ ሕግ ተርጓሚ ጓደኛ አላችሁ? እኔ አለኝ፤ ብሩክ ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለንደን፣ ዌምብሊ እሱ ቤት ተሰብስበን፣ ዳይስ የሚባለውን ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣልን፣ ገጸ ባሕርይ ሆነን የጀብዱ ጨዋታ እንጫወታለን። ባለፈው በጨዋታው እኔ ሌባ ሆኜ ከዘበኛ ልሰወር ስል የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ ገለጠ።

«ሩሉን ቼክ አድርግ እንጂ፤ መብራት በርቶ፣ ከለላ ሳይኖር፣ ከሚያይህ ሰው መደበቅ አይቻልም» ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሙጭጭ አለ። ሌባዬ ተያዘ። ሕግ ነዋ፣ ምን ይደረጋል?

ሰኞ ሥራዬ ላይ፣ ዋይት ሲቲ ያለውን የገበያ ማዕከል ወለል ስወለውል ብሩክ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ብቅ አለ።

«ብሩኬ» አልኩት።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አለፈኝ። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፤ ከለላ የሚሆን ምሰሶ እንኳ የለም። ዳይስም አልጣለም።

ማታ ቴክስት አደረገልኝ፦ «ቅዳሜ እንዳትቀር፤ በዚህኛው ጨዋታ ዘበኛው አንተ ነህ።»