አባ ላገው በብርቱካን ግንድ ላይ የዘመቱት ዘመቻ

በዘመነ ጡረታ፣ ፍሪጁ ዳግመኛ ማንኮራፋት በጀመረበት፣ አማት ሻንጣቸውንና ሁለት ትራሳቸውን ይዘው ወደ ሴት ልጃቸው ቤት በገቡበት፣ በክፍላቸውም እርቃኑን የተንጠለጠለው አምፖል ዐይናቸውን ይወጋቸው በጀመረበት ዓመት፣ መዋዔ ጉጥ፣ ሥዩመ ቶርኖ፣ የጓሮው ዎርክሾፕ ባለ ሙሉ ሥልጣን የሆኑት አባ ላገው ለዘመቻ ተነሡ። ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩ፣ እርሳቸውም በቶርኗቸው ስም ይጠራሉ፤ ቶርኖ ማለት እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ የሚያሽከረክር፣ ጌታውም መሮ ደግኖ የሚገጥመው ማሽን ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜ ልካቸውን ለተማሪ መደመርና መቀነስ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ይህን አንባቢ በልቡ ያኑር፣ ኋላ ያስፈልገዋልና።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። የአማታቸው ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በልጃቸው ሠርግ ማግስት በአባ ላገው ጓሮ በገዛ እጃቸው ብርቱካን ተክለው ነበር፤ ዛፉም ፍሬ ሲሰጥ ኖሮ ኖሮ ነፋስ ጣለው። አባ ላገውም ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉ ሰው ናቸውና፣ ማንንም ሳያማክሩ ፈለጡት፣ አነደዱት፣ ውኃም አፍልተው ገላቸውን ታጠቡበት። አማትም በሰሙ ጊዜ ከክፍላቸው ደፍ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ! ያልሰማችሁ ስሙ! እስከዛሬ ልጄ ስለው የነበረው ሰውዬ፣ ከዛሬ ወዲያ የልጄ ባል ነው። እርስዎም ቢሆኑ ከእንግዲህ እማማ እንዳይሉኝ፤ ወይዘሮ ይበሉኝ!»

ይህ ቃል አባ ላገውን አጥንታቸው ድረስ ዘልቆ ገባ። እናታቸውን ገና በሕፃንነታቸው አጥተዋልና፣ በዚህች ምድር ልጄ የሚላቸው ከእኚህ ሴት በቀር ማንም አልነበረም፤ በዚህ ዜና መዋዕል ውስጥ ይህ ብቻ ቀልድ የለበትም።

ከዛፉም አንድ ጉማጅ ተርፎ የውኃ በርሜሉን ከሥር ደግፎ ተገኘ። አባ ላገው በርሜሉን በድንጋይ ደግፈው ጉማጁን አነሡና አወጁ፦ «ከዚህ ግንድ ለአማቴ የፍራፍሬ ሳህን አወጣለሁ! ካላወጣሁ ቶርኖዬን ቁራሌው ይውሰደው!»

የተከተሏቸውም ሠራዊት እነዚህ ናቸው፦ ባለቤታቸው፣ እመቤተ መጥረጊያ፣ ፍቅፋቂው ወደ ሳሎን እንዳይዘልቅ በሩን የዘጉ፤ ጎረቤታቸው አማካሪው፣ አንዱንም ሥራ ሠርተው የማያውቁ፣ በሁሉም ግን ምክር የማይነፍጉ፣ የአባ ላገውን መሰላል ሊዋሱ መጥተው ታቅፈውት እንደ ቆሙ የቀሩ፤ ድመቲቱም፣ የማንም ወገን ያልሆነች።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ከዚህም በኋላ፣ አባ ላገው ለግንዱ በሥሩ በኩል አጭር ተረከዝ አወጡለት፣ ማሽኑም በዚያች ተረከዝ ነክሶ ያዘው። ማብሪያውም ተጫነ። ግንዱ በበርሜሉ ሥር የጠጣው ውኃ አልደረቀም ነበርና፣ ሲሽከረከር የአማካሪውን መነጽር ረጨው፤ ቢጫው ፍቅፋቂም እየተጥመለመለ ወጣ፣ ድመቲቱንም ከነጭራዋ አለበሳት። ከመካከልም አንድ ጉጥ እንደ ሽፍታ ብድግ ብሎ መሮውን ከእጃቸው ሊነጥቅ ቃጣ፤ አባ ላገው ግን መሮውን ስለው ተመለሱ፣ ያም ጉጥ እስከ ዛሬ ቡናማ ጠባሳው ይታያል። የሳህኑንም ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም እየፋቁ አሳሱት፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ።

የቀረውን ጥልቀት ሊቆፍሩ በቀረቡ ጊዜም እንጨቱን ከአፉ እስከ ተረከዙ መጨረሻ ለኩ፤ በማሽኑ ጥርስ መካከል ያለችው ተረከዝ ከልኩ ላይ ተቀናሽ መሆኗን ግን ረሱ። መቀነስን ረሱ! ትውልድ ያስተማሩበትን! ሳህኑ ካለቀበት አልፈው ቆፈሩ፣ የእንጨቱም ድምፅ ከጉርምርምታ ወደ ፉጨት ተለወጠ፤ አማካሪውም ደስ ብሎት ነው ሲሉ ተረጎሙት። ወዲያው ሳህኑ ከተረከዙ ተገንጥሎ ዘለለ፤ ወለሉ በማሽኑ ጥርስ ቀረ፣ ግድግዳው ብቻውን ኮበለለ፤ በአማካሪው እግር መካከል ሾለከ፣ መጥረጊያውን ተሻገረ፣ ባልተዘጋው የጓሮ በር ገብቶ በኮሪደሩም እየተንከባለለ ሄዶ ከዓለም ክፍሎች ሁሉ በአማት ክፍል ገባ።

አማካሪውም ሠራዊቱን ሊያጽናኑ አወጁ፦ «ስሙ! ሳህኑ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ታቹ ብቻ ነው!»

አባ ላገው ደርሰው ደፉ ላይ ተንበረከኩ። አማት የቀሚሳቸውን ጠርዝ እየሰፉ ነበር፣ በአንድ እጃቸው መርፌውን ይዘው በሌላው ዐይናቸውን ከአምፖሉ ከልለው። መርፌውን ሰክተው ያንን ነገር አነሡና አሸተቱ፣ አወቁትም። አባ ላገው በመንገድ ያዘጋጇቸው ሰበቦች ብዙ ነበሩ፤ አፋቸው ግን ከሁሉ አጭሩን አዋጅ አወጣ፦ «ዛፉን አቃጠልኩ፤ የቀረውንም በሳሁት።»

አማት ቀዳዳውን በደንብ ሊያዩ ሳህኑን ወደ አምፖሉ አነሡት። ያ ወጊ ብርሃን በሳሳው እንጨት ውስጥ አልፎ ቢጫና ለስላሳ ሆነ፤ የዛፉ የዕድሜ ቀለበቶች ሁሉ አንድ በአንድ ታዩ፣ ባላቸው ከተከሉበት ዓመት ጀምሮ። ከከለሉት ዐይናቸው ላይ እጃቸውን አወረዱ። ከዚያም አወጁ፦

«ስሙ! አምፖሉ ከዛሬ ጀምሮ ልብስ ለብሷል። ልጄ፣ ምን ተንበርክከህ ታየኛለህ? መሰላሉን አምጣና ስቀልልኝ!»

አማካሪውም የተዋሱትን ዕቃ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መለሱ።

ከዚያ ወዲህ አባ ላገው ያ ዕቃ ከጥንስሱም የመብራት ቆብ እንደ ነበረ አስነግረዋል፤ አማትም ይህን አዋጅ ሲሰሙ ሳቃቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ እንጂ አልሻሩትም። ፍራፍሬው ዛሬም በፕላስቲክ ባልዲ ይቀመጣል።

መሮአቸው አይዶልድም፣ ቶርኗቸው አይዛግ፣ ክብራቸውም እንደ ሳህናቸው ወለል አይኑረው! መዋዔ ጉጥ ቢሏቸው፣ ሥዩመ ቶርኖ ቢሏቸው፣ ከሥራቸው ቀና አይሉም፤ ከዚያ ክፍል ልጄ የሚል ድምፅ ሲሰማ ግን መሮውን ጥለው ይሮጣሉ።