ጎብዬ ላይ የተቀመጠው በርጩማ

በዚህ ዓለም ላይ «ነጻ» ማለት ሂሳቡ ገና ያልደረሰ ማለት ነው። አትስማሙም? ግድ የለም... እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ አልስማማም ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው «በነጻ ነው» ሲለኝ እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ኪሴን ጨብጦ ይይዛል።

ነገሩ የጀመረው ከዶሮ ነው። ቆቦ ዳር ካለው ከአጎቴ ከአያ ደምሴ ግቢ አንዲት ቀይ ዶሮ የምታድርበት ባለሦስት እግር በርጩማ ነበር። እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ ብሎን ስፈታና ሳስር ስለምውል ዓይኔ ትንሽ ነገር ሳያይ አያልፍም። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። መቀመጫው በተቀማጭ ብዛት ጎድጉዷል። የዶሮዋን ነገር ጠረግ ሳደርግለት ከሥር እንደ ተቀባ ቆዳ አብረቀረቀ።

«አያ ደምሴ፣ ይኼን በርጩማ ማን ሠራው?»

«እኔ እንጃ። የአባቴ አባት ሲቀመጥበት ነው የማውቀው።»

«ይሰጡኛል?»

«ውሰደው። ዶሮዋን ግን አንተው አስፈቅዳት።»

በምትኩ አዲስ የፕላስቲክ ወንበር ገዝቼ ሰጠኋቸው። አጎቴ ደስ አላቸው። ዶሮዋ ግን ወንበሩ እያንሸራተታት እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

በርጩማውን ለምን ፈለግከው አትሉም? በኢንተርኔት የጥንት ዕቃ የሚጫረቱበት አንድ ገጽ አግኝቼ ነበራ! ለካስ እኛ ዶሮ የምናሳድርበትን ነገር አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች በሺህ ብር ይሻሙበታል። እኔ ደግሞ የሞባይል ቺፕ የሚነቅል ሙቅ አየር የሚተፋ ማሽን ያስፈልገኝ ነበር። ዋጋው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር። በቆቦ ፀሐይ ተቀምጦ ሙቅ አየር በብር መግዛት... የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ጻፍኩ። «ቁመት አርባ አንድ ሴንቲ ሜትር። የመቀመጫው ስፋት ሠላሳ ስምንት። ክብደት ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም (በሽንኩርት ሚዛን የተመዘነ)። ጉድለት፦ አንዱ እግር በአራት ሚሊ ሜትር ያጥራል።» ልብ በሉ፣ ባለሦስት እግር በርጩማ እግሩ ቢያጥርም አይወዛወዝም፤ ዘንበል ይላል እንጂ። ይኼንንም ጻፍኩ። ከሥር ደግሞ ሌሎቹ ሻጮች ሁሉ «ማጓጓዣ ነጻ» እያሉ ሲጽፉ ስላየሁ እኔም «ማጓጓዣ ነጻ» አልኩ። የሌሎቹ ሁሉ ሱቅ እዚያው አዲስ አበባ መሆኑን ያየሁት በኋላ ነው።

በርጩማው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ወጣ! ያሸነፉት ወይዘሮ ሜሮን የተባሉ፣ የባህል ምግብ ቤት ሊከፍቱ የተዘጋጁ ሴት ናቸው። የገጹ ደንብ እንዲህ ነው፦ ገንዘቡ ገጹ ዘንድ ይቀመጣል፤ ዕቃው በዐሥራ ሁለት ቀን ገዢው እጅ ካልገባ ሽያጩ ይሰረዛል፤ በሻጩ ስም አጠገብም «ያልታመነ» የሚል ቀይ ምልክት ይለጠፋል። እኔ ደግሞ የሰው ሞባይል ስልክ እየተረከብኩ የማድር ሰው ነኝ። «ያልታመነ» ከተባልኩ ማን ስልኩን ይሰጠኛል?

በማግስቱ በርጩማዬን ታቅፌ ወደ አንድ ዕቃ መላኪያ ቢሮ ሄድኩ። ልጁ አልመዘነውም። በሜትር ለካው! ከዚያ ካልኩሌተር ነካካና፦

«ዐሥራ አራት ኪሎ» አለ።

«ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ነው» አልኩት።

«እሱ እንጨቱ ነው። እግሮቹ መሃል ያለው ክፍት ቦታ መኪና ላይ ቦታ ይይዛል፤ እሱም ይታሰባል። ዘጠኝ መቶ አርባ ብር።»

«ማለት... የአየሩን ነው የምከፍለው?»

«እግሮቹን ብትቆርጣቸው ይቀንስልሃል።»

ሰባት ኪሎ ከምናምን የቆቦ አየር! እኔ ሙቅ አየር ልገዛ ስነሣ ጭራሽ ሙቅ አየር ላኪ ሆኜ አረፍኩት! ሂሳቡን ሠራሁት። ከሦስት ሺህ ሁለት መቶው ላይ ዘጠኝ መቶ አርባው ሲነሣ ለማሽኑ አርባ ብር ይጎድለኛል። ሁሉን ነገር ለክቼ መንገዱን ብቻ ሳልለካው ቀረሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ... ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ።

ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሙሄ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር የልጅነት ጓደኛ አለኝ።

«ሙሄ፣ አንድ ዕቃ ታደርስልኛለህ?»

«አብሽር! አንተን ራስህን አደርስሃለሁ።»

«ስንት ልክፈል?»

«ምን አልክ? ሁለተኛ እንዲህ ብትለኝ ወላሂ እጣላሃለሁ! በነጻ ነው!»

አያችሁ? ኪሴን መጨበጥ የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ብዬ በርጩማውን ከሽንኩርቱ ላይ አስቀመጥኩት። ሽያጩ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ማታ ሙሄ ከደሴ ደወለ።

«በርጩማህ ሰላም ነው።»

«ተመስገን። አብሮህ ነው?»

«አይ... ጎብዬ ነው። ጎብዬ ሰላም ነው ማለቴ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሄ ምሳ ሊበላ ጎብዬ ሲቆም፣ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተቀምጠዋል። ከሁሉም ዝቅ ብለው የተቀመጡት፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሸህ ኑሩ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋላ! ሙሄ አስተዳደጉ ጥሩ ነው። «ሸሃችን፣ እኔ ምሳዬን እስክበላ ይቺን ይቀመጡባት» አላቸው። በልቶ ሲመለስ ሸሁ ንግግር ላይ ናቸው። ሻይ ጠጣ። አሁንም ንግግር ላይ ናቸው።

«ታዲያ አስነሥተህ አትወስደውም ነበር?»

«ሽማግሌ? ከመቀመጫው? በዕርቅ መሃል? እኔ?... አንተ ሞክራት!»

የሚሰበሰቡት በየሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያው በርጩማው በሸሁ ትእዛዝ ሻይ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል። እኔ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። በስድስተኛው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ስሄድ የምናገረውን አስቀድሜ አጠናሁ። ከቆቦ ስንወጣ «ሸሃችን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ በርጩማ የእኔ ነው፣ ተሽጧል፣ ቀን የተቆረጠለት ነው» የሚል ነበር። ሮቢት ስንደርስ «ሸሃችን፣ በርጩማው የእኔ ነው» ሆነ። ጎብዬ ስወርድ «ሸሃችን» ብቻ ቀረ። ዛፉ ሥር ስደርስ እሱም ጠፋ።

ጉዳዩ የመስኖ ውሃ ነው። ሞላ የሚባል ገበሬ የውሃ ተራዬን ወሰደብኝ ብሎ ጎረቤቱን አራጌን በአካፋ እጀታ መትቶታል። የአራጌ የፊት ጥርስ ወልቋል። አራጌ ጥርሷን በመሐረብ ቋጥሮ ይዞ መጥቶ፣ ነገሩ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ፈታ እያደረገ ያሳያል። የሸሁን ንግግር በመስማት ፋንታ የበርጩማውን እግሮች ስቆጥር ያዩኝ ሸህ ኑሩ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ የማን ወገን ነህ? የሞላ ነህ የአራጌ?»

«የ... የበርጩማው።»

ሸሁ በአጠገባቸው ወደተቀመጡት ቄስ ዘወር ብለው፦

«ሰሙ አባ? የማንም አይደለሁም፣ የዳኛው ወንበር ወገን ነኝ ነው የሚለው! እንዲህ ያለ ሰው ነው የጠፋን። ና ልጄ፣ ከእኛ ጋር ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? እናንተስ ብትሆኑ?

ትንሽ ቆይቶ አራጌ ብድግ አለ። «እኔ በዚህ ዕርቅ አላምንም! ሸሃችን ካለፈው ቀን ጀምሮ ወደ ሞላ አዘንብለዋል!»

ሰው ሁሉ «ኧረ ነውር ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን አየሁ፤ እውነቱን ነው። ሸሁ ከወገባቸው በላይ ወደ ሞላ ዘንበል ብለዋል። በአራት ሚሊ ሜትር! ዝም ማለት አልቻልኩም። የዘጠኝ መቶ አርባ ብሩን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ፤ አጥፌ አጥፌ በአምስተኛው እጥፋት ልኩን አገኘሁት። «ሸሃችን፣ ጥቂት ብድግ ይበሉልኝ» አልኩ። ብድግ አሉ።

ልብ በሉልኝ... ሸሁ ብድግ ብለዋል፣ በርጩማው እጄ ውስጥ ነው፣ ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ ቆሟል! ግን እኔ ያደረግኩት ወረቀቱን ከአጭሩ እግር ሥር ሸጉጬ «አሁን ይቀመጡ» ማለት ነው። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አራጌ በጥንቃቄ አያቸውና «አሁን እሺ» ብሎ ተቀመጠ።

ሲበተኑ ለሸሁ በጆሯቸው በርጩማው መሸጡን ነገርኳቸው።

«ማሻ አላህ፣ ይሸጥ! ዕርቁ ሲያልቅ ይሄዳል። ነገር በተጀመረበት መቀመጫ ነው የሚያልቅ።»

በዚያው ማታ ወይዘሮ ሜሮን ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ዕቃው የት ደረሰ?»

«ጎብዬ።»

«ጎብዬ ምን ያደርጋል?»

«ያስታርቃል።»

«ፎቶ ላክልኝ» አሉ። ሸሁ እንደተቀመጡበት ያነሣሁትን ላክሁ። ወዲያው መልሰው ጻፉ፦ «አምስት እግር ነው የሚታየኝ። ሽማግሌውም አብረው ነው የሚመጡት?» ቀጥለውም፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ካልደረሰ ገንዘባቸውን እንደሚያስመልሱ በትሕትና አስታወቁኝ።

በዘጠነኛው ቀን ነገሩ ከጥርሷ ዋጋ ላይ ደርሶ ቆመ። አራጌ ሁለት ሺህ አራት መቶ ይላል። ሞላ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ንቅንቅ የለም።

«ለአንድ ጥርስ ይኼን ያህል? የቀሩትንም ልውሰዳቸዋ!»

«ሞክራ! መሐረብ አላጣም!»

ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። የሙሄ መኪና በማግስቱ ታልፋለች፤ እሷ ካመለጠችኝ ማሽኑም ስሜም አብረው ይሄዳሉ። ሸህ ኑሩ «እንግዲህ ለሌላ ቀጠሮ...» ብለው ጀመሩና ወደ እኔ ዞሩ። «የበርጩማው ወገን፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ሰው ሁሉ አየኝ። በልቤ ሂሳብ እሠራ ነበር። ልዩነቱ ዘጠኝ መቶ ብር ነው። ከሦስት ሺህ ሁለት መቶው ላይ ዘጠኝ መቶ ሲነሣ... ልክ የማሽኑ ዋጋ! አፌ ሳያስፈቅደኝ ተናገረ።

«ልዩነቱን እኔ እሞላለሁ።»

ቄሱ አማተቡ። «ለማያውቀው ሰው ጥርስ!» አሉ። ሸህ ኑሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ጎብዬ በሙሉ «አሚን» አለ። ሞላና አራጌ ተቃቀፉ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አቀፉኝ። ለሱቅ ኪራይ የያዝኩትን ዘጠኝ መቶ ብር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስቆጥር ያዩ ሁሉ «ደስታ ነው» አሉ።

በመጨረሻ ሸሁ ከበርጩማው ተነሡ። ጎንበስ ብለው ከእግሩ ሥር ወረቀቱን አነሡና ዘርግተው አነበቡት።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«በርጩማውን አዲስ አበባ ለመላክ የተጠየቅኩት ዋጋ ነው።»

«ዘጠኝ መቶ አርባ ብር! ይኼማ ዝርፊያ ነው። ምነው ታዲያ በሰው እጅ በነጻ ብትልከው?»

ከመላኪያ ቢሮው ጋር ሲተያይ አርባ ብር አትርፌያለሁ ብዬ ተጽናናሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን «የአስታራቂ ምሳ» ተባለና ስልሳ አምስት ብር ደረሰብኝ። የሚኒባሱን እንኳ አልቆጠርኩትም።

ደግነቱ አራጌ ውለታዬን አልረሳም። የራሱን ሽንኩርት በሙሄ መኪና አስጭኖ፣ በርጩማውን በጭኑ ላይ ታቅፎ አዲስ አበባ ገባ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ ሜሮን ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ዕቃው በሰላም ደርሷል። በጣም ያምራል። ግን... ያመጣው ሰውዬ የፊት ጥርሱ የለም። መንገድ ላይ የደረሰበት ነገር አለ እንዴ?»

«የለም፣ ከመነሻውም አልነበረችም» አልኳቸው። «እሷም ተከፍሎባታል።»

ቀይ ምልክት አልተለጠፈብኝም። ማሽኑንም ያቺን የምሳዋን ስልሳ አምስት ብር ተበድሬ ገዛሁ። እኔ የምኖረው ቆቦ ነው፤ ጎብዬ ውስጥ ግን ስሜ «ባለ ጥርሱ» ሆኖ ቀርቷል። አያ ደምሴም በርጩማው ስንት እንደወጣ ሰምተው ኖሮ ባለፈው ሳምንት የአያታቸውን ሙቀጫ እየገፉ ሱቄ ድረስ መጡ። ለካሁት። ሆዱ ውስጥ ያለውን አየር ሳይቀር ለካሁት። ከዚያ ማስታወቂያውን ጻፍኩና ከታች፣ ከሁሉም በደመቀ ፊደል፣ እንዲህ አልኩ፦

«ማጓጓዣ በገዢ ይሸፈናል። ጥርስ አይጨምርም።»